የአህያዋ ጉርድ ፎቶ

መጽሐፌን አውቶብስ ጣሪያ ላይ በገመድ ጠፍሬ የተጓዝኩ ደራሲ ነኝ። ሌላው ደራሲ የመጀመሪያ ድርሰቱን ብብቱ ሥር ወሽቆ ወይም በፌስታል ጠቅልሎ ይሄዳል። የእኔ ግን ከሁለት በግና ከአንድ ሶፋ ጋር ፖርቶመጋላ ላይ ወጥቶ ነው ወልቂጤ የገባው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚሊኒየሙን ካከበርን በኋላ ባሉት ዓመታት ቡታጅራ አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። የፊደል ገበታና የመማሪያ መጽሐፍ አላጣንም፤ ልጅ ለደስታው ብሎ የሚገልጠው ነገር ግን አልነበረንም። ቢሮ ውስጥ በእርዳታ የመጡ ጥቂት መጻሕፍት ነበሩ፤ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ልጆች የተሣሉባቸው። ልጆቼ ሥዕሉን ትክ ብለው ያዩና፣ "ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ጨው ነው?" ይሉኛል። እኔም በረዶን ከማስረዳት ተረቱን ከራሴ ማውጣት ይሻላል አልኩ።

ከትምህርት ቤታችን አጥር ማዶ የበርበሬ ወፍጮ ነበረ። የመስቃን በርበሬ በሚፈጭበት ወራት ነፋሱ ወደ እኛ ከዞረ ትምህርት የሚባል ነገር የለም፤ ክፍሉ በሙሉ ያነጥሳል። አንድ ቀን መቆጣቱ ሰለቸኝና፣ በርበሬ ጭና እንሴኖ ገበያ ስለሄደች አህያ አወራኋቸው። ጆንያው ይቀደዳል፤ አህያዋ ታነጥሳለች፤ ባለቤቷ "ይማርሽ!" ይላታል። ከዚያ እንቁላል ሻጯ ታነጥሳለች፣ ከዚያ ዶሮዋ፣ ከዚያ ፖሊሱ ፊሽካው አፉ ውስጥ እንዳለ። በመጨረሻ ገበያው ሁሉ ሲያነጥስ እሷ ብቻ ድና፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ "ይማራችሁ!" ትላቸዋለች። ተረቱ ይኸው ነው። ልጆቹ ግን በየቀኑ ካላወራሽልን ብለው ቁም ስቅሌን አሳዩኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ወሬ መጣ። ለሕጻናት መጻፍና መሣል ለሚፈልጉ ሰዎች ወልቂጤ ላይ የሦስት ቀን ስልጠና ይሰጣል፤ ከአዲስ አበባ አሳታሚዎች ይመጣሉ፤ ደራሲ ሰዓሊውን ይዞ ይቅረብ፤ ከቀረቡት ሁሉ አንድ መጽሐፍ ይመረጥና ታትሞ ለዞኑ ትምህርት ቤቶች ይታደላል ተባለ። አንድ ብቻ። ያቺ አንዷ የእኔ አህያ እንድትሆን ፈለግሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አጥብቄ የፈለግሁት ነገር ትዝ አይለኝም።

ሰዓሊ ከየት ይምጣ? የማውቀው አንድ ሰው ነው። አብሮኝ ያደገ የሰፈሬ ልጅ፣ ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ላይ ታፔላ የሚሠራ። ለፀጉር ቤቱ ራስ፣ ለጎሚስታው ጎማ፣ ለጭማቂ ቤቱ አቮካዶና ማንጎ የተደራረበበት ብርጭቆ የሣለው እሱ ነው። እሱ የሚሰግድበትን መስጊድ ስምም፣ የእኛን ቸርች የበር ጥቅስም የጻፈው በዚያው ብሩሽ ነው። ከተማው ውስጥ የእሱን እጅ ሳያዩ አስር እርምጃ መሄድ አይቻልም ነበር። እሱ ግን አይደሰትም።

"የእኔ ሥራ ዕድሜው ሁለት ክረምት ነው" ይለኝ ነበር ሁልጊዜ። "ዝናብ ይበላዋል። በሦስተኛው ዓመት ባለቤቱ ይመጣና፣ ፍቀህ ሌላ ሥራልኝ ይለኛል። ወላሂ ቲቸር፣ ዝናብ የማይበላው አንድ ሥራ ብቻ ሠርቼ ብሞት አይቆጨኝም።"

አብረን ብናድግም ቲቸር ነው የሚለኝ፤ ልጁን ካስተማርኩለት ወዲህ ስሜን ረስቶታል።

የስልጠናውን ነገር ስነግረው ዓይኑ በራ። ተረቱን ከልጁ አፍ ሰምቶ ቀድሞ ያውቀዋል። እኔም የፈተና ጥያቄ እያወጣሁ ስለነበር ጊዜ አልነበረኝምና ከሱቁ በር ላይ ሆኜ፣ "አዳራሽ ውስጥ ስለሚታይ ከኋላ የተቀመጠ ሰውም እንዲያየው አድርገህ ሥራው" ብዬው ሄድኩ። ሰፋ ያለ ወረቀት ማለቴ ነበር። ታፔላ ለሚሠራ ሰው ግን ከኋላ ማለት ከአስፋልት ማዶ ማለት ነው።

የመሄጃችን ዋዜማ ላይ ብመጣ፣ የሱቁ ግድግዳ ላይ ስምንት ላሜራ ቆርቆሮ ተደርድሯል። እያንዳንዱ የበር ግማሽ ያህላል፤ ከሥዕሉ ሥር የተረቱ መስመር በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል። በዘይት ቀለም የተሣለች አህያ፣ ጆሮዋ እንደ ኮባ ቅጠል የቆመ፣ አፍንጫዋን ነፍታ ታየኛለች። ከሱቁ ደጅ መንገደኛው ቆሞ ይስቃል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"መጽሐፍ ነዋ።"

"መጽሐፍ እኮ ይገለጣል!"

"እኔ እያነሳሁ እገልጠዋለሁ። አንቺ ማንበብሽን አንብቢ።"

መጮህ ፈልጌ ነበር። ግን ስምንተኛው ላሜራ ላይ ስደርስ፣ ገበያው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲያነጥስና አህያዋ እንደ ባላባት ስታያቸው አየሁ፤ ቁጣዬን ሳቅ ቀደመው። በስተግርጌው፣ በልማዱ፣ "ማንኛውንም የታፔላ ሥራ እንሠራለን" ብሎ ጽፏል። አጥፋው አልኩት። ኢንሻአላህ አለኝ። አላጠፋውም።

በዚያን ጊዜ ተራራውን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጠው መንገድ የማይታመን ስለነበረ፣ ቡታጅራ ያለ ሰው ወደ ዞኑ ከተማ ለመሄድ በዓለምገና ይዞር ነበር። ዓለምገና ላይ አውቶብስ ስንቀይር ረዳቱ ላሜራዎቹን አንድ በአንድ አወረደልን። ቀለሙ እንዳይፋቅ ብለን ግድግዳ ላይ አስደገፍናቸው። ዞር ስንል ሰው ከቧቸዋል። ተሳፋሪው፣ ማስቲካ አዟሪው፣ ወያላው፣ ሁሉም። ተደባልቀው ስለነበረ ፖሊሱ ከዶሮዋ ቀድሞ አነጠሰ፤ ማንም ቅር አላለውም። አንድ ወያላ መስመሩን ጮክ ብሎ እያነበበ፣ "ይማርሽ!" ሲል ሰዉ በሙሉ ተቀበለው። የወልቂጤው ሾፌር ጥሩምባ ቢነፋ አንዲት ሴትዮ ዘወር ብለው፣ "ቆይ እንጂ፣ አህያዋ ትጨርስ!" አሉት። ጓደኛዬን አየሁት። ሰው ቆሞ ሥራውን ሲያይለት የኖረ ነው፤ ሰው ሥራውን ተከትሎ "ቀጥሎስ?" ሲል ግን ሰምቶ አያውቅም። ፊቱ እንደ ልጅ ሆነ።

ወልቂጤ እንግዲህ ስልጠና ነው። ስልጠና ምን እንደሚመስል የዚያን ዘመን መምህር አይጠይቀኝም፤ ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ሰፊ ወረቀት፣ የሚደርቅ ማርከር፣ በየሰዓቱ ሻይ፣ እንቅልፍ ሲመጣ እጅ እያወዛወዙ መዝለል። ያም ሆኖ ወደድኩት። አዳራሹ ውስጥ ያለነው ሁሉ በየቤታችን ተደብቀን ስንጽፍና ስንሥል የኖርን ሰዎች ነን። ጎረቤት ቢያየን የምናፍርበትን ነገር ሌላውም ሲያደርገው እንደኖረ ማወቅ ዘመድ እንደ ማግኘት ነው። የጉንችሬ አንድ መምህር ስለ ሰነፍ ጥንቸል ጽፎ መጥቷል፤ ምክር የሌለበት ገጽ አልነበረውም። ከአሳታሚው ቤት የመጡት አርታኢ፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት፣ "ልጅን አትምከሩት፤ አጫውቱት" አሉን። ሁላችንም ደብተራችን ላይ ጻፍነው። ከዚያ ወጥተን ምሳ ላይ እርስ በርሳችን ስንመካከር ዋልን።

በሁለተኛው ቀን ሥዕል የሚያሠለጥነው ወጣት ሥራዎችን ሊያይ ዞረ። እኛ ጋ ሲደርስ ላሜራዎቹን ከላይ እስከ ታች አየ።

"ይሄ መጽሐፍ አይደለም፣ ግድግዳ ነው" አለ።

አዳራሹ ሳቀ። ወጣቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያለውም ልክ ነው። ማተሚያ ቤት ላሜራ አይገባም። ሥዕሉ በመጽሐፍ ገጽ ልክ፣ በወረቀት፣ ለነገ ጠዋት ካልቀረበ ውድድር ውስጥ አንገባም አለንና ጥሩ ወረቀትና ቀጫጭን ብሩሾች ትቶልን ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ጓደኛዬ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ጀመረ። ትከሻውን እያወዛወዘ መሥራት የለመደ ሰው፣ ጣቱን ብቻ አንቀሳቅስ ሲባል እጁ ታሰረ። ዓይኗን ሲሥል ብሩሹ ግንባሯን ሞላው። ሁለተኛዋ አህያ ፍየል መሰለች። ሦስተኛዋን ውሻ ናት ቢሉኝ አምን ነበር። እያንዳንዱን ወረቀት በጥንቃቄ አጥፎ ኪሱ ይከታል እንጂ አይጥልም፤ ያ ነው ሆዴን የበላው።

አርታኢዋ መጥተው አጠገባችን ቁጭ አሉ። ተረቱን እንደወደዱት ነገሩኝ። "አንድ ነገር ላቅርብልሽ" አሉኝ። "ሥዕሉን አዲስ አበባ ያለ የተማረ ልጅ ይሥልልሽ። ተረትሽ ብቻውን ቢቀርብ ጥሩ ዕድል አለው።"

እኔ መልስ ሳልሰጥ ጓደኛዬ ቀደመኝ። "ስጪያቸው ቲቸር። እሳቸው ያሉት ልክ ነው። አህያዋ ትታተም። እኔ ላሜራዬን ይዤ እመለሳለሁ።" ድምፁ ረጋ ያለ ነበር። ብሩሹን በጨርቅ እየጠረገ ነው ይህን የሚለው።

አርታኢዋ "አስቢበት" ብለው ተነሡ። ያቺን አንድ ቦታ ምን ያህል እንደምፈልጋት ተናግሬአለሁ። አሁን እጄ ላይ ደርሳለች። ነገር ግን አህያዋን ሳስብ የምትመጣብኝ የእሱ አህያ ናት፤ ጆሮዋ የቆመው፣ አፍንጫዋ የተነፋው። የተማረው ልጅ የሚሥላት ሌላ አህያ ናት፤ አላውቃትም። ከዚያ በላይ ደግሞ ይህ ሰው ቡታጅራ ተመልሶ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ዝናብ ለሚበላው ጎማ ጥቁር ቀለም ሲቀባ ታየኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። እኔ ደግሞ የአህያዋ ባል መሆን አልፈለግሁም።

"ዝም በል" አልኩት። "አንተ ያልሣልካት አህያ ብታነጥስ እኔ ይማርሽ አልላትም።"

ሳቀ፤ ያንን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔ ግን ምን ላደርግ እንደምችል አላውቅም ነበርና ንዴቴን ለማብረድ ተነሥቼ ወደ ግቢው በር ሄድኩ። ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ቤት አለ። በሩ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ሰዎች ተደርድረዋል፤ ሙሽሮች፣ ተመራቂዎች፣ ኮስተር ያሉ አባቶች፣ ሁሉም ከመዳፍ ባነሰ ወረቀት ውስጥ። ቆሜ አየኋቸው። እነዚህ ሁሉ ሰዎች እኮ ቁመታቸው ከእኔ ይበልጣል። ሰው ሁሉ ጉርድ ፎቶ ውስጥ ከገባ፣ አህያዋን ምን ይከለክላታል?

ሮጬ ተመለስኩ።

ፎቶ አንሺው ዲጂታል ካሜራ በቅርቡ የገዛና በእሱ የሚኮራ ሰው ነበር። ላሜራዎቹን ተሸክመን ስንገባ ዕቃ ልናስቀምጥበት የመጣን መስሎት ተቆጣ። ፎቶ እንደምንፈልግ ስንነግረው ተረጋጋ።

"ለማን ነው?"

"ለእሷ" አልኩና አህያዋን አሳየሁት።

ረዥም ጊዜ አያት። ከዚያ፣ የሥራ ነገር ሆኖበት፣ "ጉርድ ነው ሙሉ?" አለ።

ጓደኛዬ ግድግዳውን ተደግፎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። መጀመሪያ ውስጥ ሞከርን፤ መብራቱ የዘይት ቀለሙ ላይ ሲያርፍ አህያዋ ዓይኗ ጠፋ። ስለዚህ አውጥተን በጓሮው ጥላ ሥር አቆምናቸው። ፎቶ አንሺው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን አንስቶ፣ "ቀና በሉ፣ አትንቀሳቀሱ" ብሎ ላሜራውን አዘዘው። ልማድ ነው። የላሜራው ጠርዝ ከምስሉ እንዳይወጣ እየተጨነቀ ስምንቱንም አነሳ፤ አተመ። ጠረጴዛው ላይ ደረደርናቸው። አህያዋ ትንሽ ሆናለች፤ እሷው ግን ናት። ጆሮዋ ቆሟል። አፍንጫዋ ተነፍቷል። ጓደኛዬ አጎንብሶ አያት፤ "አልሐምዱሊላህ" አለ ቀስ ብሎ፣ ዘመዱ ከሆስፒታል እንደወጣለት ሰው።

ስንወጣ ፎቶ አንሺው መለሰን። አህያዋን ብቻዋን፣ ከአንገቷ በላይ፣ ለመታወቂያ በሚሆን ልክ አራት ቆርጦ አዘጋጅቷል። "ይሄ ከእኔ ነው" አለን። ጓደኛዬ አንዷን የቀበሌ መታወቂያው ኋላ ከተታት።

በሦስተኛው ቀን እያንዳንዱ ሥራ ሲቀርብ ተራችን ደረሰ። ፎቶዎቹን ለዳኞቹ ሰጠናቸው። ጓደኛዬ ግን፣ "ይቅርታ፣ ታፔላ ቤት ውስጥ አይሰቀልም። ትንሽ ውጭ ብትወጡልን" አለ። እኔም እሱ ይህን እንደሚል አላውቅም ነበር። ዳኞቹ ተያዩ፤ አርታኢዋ ቀድመው ተነሡ። አዳራሹ በሙሉ ተከተለ። ላሜራዎቹ በውጭው ግድግዳ ላይ ቆሙ። እኔ አነባለሁ፤ እሱ አንድ በአንድ ከፍ አድርጎ ያሳያል። አህያዋ መጀመሪያ ስታነጥስ ከአጥሩ ውጭ አንድ የማናውቀው መንገደኛ፣ "ይማርሽ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ማን ያስቁመው? የጉንችሬው መምህር፣ የጥንቸሉ ባለቤት፣ ከሁሉ በላይ ይጮሃል። ሥዕል ያሠለጠነው ወጣት እጁን አፉ ላይ አድርጎ በሳቅ ይንፈቀፈቃል። ስምንተኛው ላይ እኔ ሳላነበው ሕዝቡ በአንድ ድምፅ፣ "ይማራችሁ!" አለ። አርታኢዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ፎቶዎቹን ደጋግመው አገላበጡ።

እዚያው የሚነግሩን መስሎን ነበር። "ውጤቱን ወደፊት እናሳውቃለን" ተባልን። የዚያ ዘመን ሰው "ወደፊት" ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ያውቃል።

ቡታጅራ ስንመለስ ላሜራዎቹን የት እናድርጋቸው? የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ በሚስማር መታናቸው፤ የመጀመሪያውን ዋናው በር ጋ፣ የመጨረሻውን አንደኛ ክፍል በር ጋ። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት መጽሐፉን በእግራቸው እየሄዱ ያነቡት ጀመር። የረፈደበት ልጅ ሳይቀር ቆሞ ያነጥሳል። ማንበብ ያልቻሉት እንኳ የትኛው ቃል የት እንዳለ በቃላቸው ያዙ። አንድ ክረምት አለፈ። ሁለተኛውም ሊገባ ተቃረበ፤ ከወልቂጤም ከአዲስ አበባም ድምፅ የለም። ተስፋ ቆረጥኩ ለማለት ያሳፍረኛል፤ ግን ቆርጬ ነበር። የመጀመሪያው ላሜራ ላይ ያለችውን አህያ አንድ ጆሮዋን ዝገት በላው። ጓደኛዬ በዚያ በኩል ሲያልፍ ወደ ማዶ ያይ ነበር።

አንድ ጠዋት ከመናኸሪያ ካርቶን መጣልኝ። ክፍል ውስጥ በልጆቹ ፊት ከፈትኩት። ከላይ ያለችውን አነሳሁ፤ ቀጭን፣ የሚገለጥ፣ ቀለም ቀለም የሚሸት መጽሐፍ። ሽፋኑ ላይ አህያዋ። ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ልጆቹ አዩኝ፤ ከዚያ መጽሐፉን፤ ከዚያ በመስኮት አጥሩን። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ብድግ አለች።

"ቲቸር! የአጥሯ አህያ ወለደች!"

ክፍሉ በእልልታ ተናጋ። ካርቶኑ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ሲያዩ ደግሞ ባሰባቸው። ዝም በሉ ብዬ ማስተማር የነበረብኝ እኔም አብሬ እልል አልኩ፤ ዳይሬክተሩ ጩኸቱን ከሩቅ ሰምተው ሰው የሞተ መስሏቸው እየሮጡ መጡ።

ከትምህርት በኋላ አንዷን ይዤ ሄድኩ። መሰላል ላይ ወጥቶ የዳቦ ቤት ታፔላ ይሠራ ነበር። ሲያየኝ ገባው መሰለኝ፣ ወረደ። እጁን በጋዝ ታጠበ፤ በሳሙና ደገመው፤ በሸሚዙ አደረቀው። ከዚያ ተቀበለኝ። የሄደው በቀጥታ ወደ መጀመሪያው ገጽ ነው። ጆሮዋ አለ። ሁለቱም ጆሮዎቿ ቆመዋል። በጣቱ ዳበሳቸው። መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ፣ "ማንኛውንም የታፔላ ሥራ እንሠራለን" የሚለውም እዚያው አለ፤ አርታኢዋ አላጠፉትም።

በዚህ መሃል ዝናቡ መጣ። ትላልቅ ጠብታዎች ቆርቆሮው ላይ መደብደብ ጀመሩ። ጓደኛዬ መጽሐፉን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ የዳቦ ቤቱ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ተጠጋ። እኔ ደግሞ ደስታ አፌን ያሳክከኛልና፣ "ዝናብ የማይበላው ሥራ ብለህ ወረቀት ላይ ወደቅህ። ወረቀት እኮ ከላሜራም ይብሳል!" አልኩት።

ደረቱን በእጁ ደግፎ አሰበ።

"ልጆቹ ወደ ቤት ይወስዱታል?"

"ይወስዱታል።"

"እንሴኖም ሄዷል? ጉንችሬም?"

"የዞኑ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ጋ።"

ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ዝናቡን አየው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደማይፈራው ሰው።

"ታዲያ ስንቱ ቤት ገብቶ ሊበላው ነው?" አለ።